ቀጭኔዋ እስክትረጋጋ

ልጄ የእንስሳት ሐኪም ናት። ትምህርቷን ስትጨርስ ፍየልና ግመል እያከመች ከእኔ ጋር ጅጅጋ ትኖራለች ብዬ ነበር የማስበው። ጥቂት ጊዜም እንዲያው ሆነ። ከድርቁ በኋላ ግን ወደ ቀብሪበያ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ በተሠራ የቀጭኔዎች ማቆያ ውስጥ ሥራ አገኘች። ቀጭኔዎቹ የሚመጡት ከክልላችን ደቡብ ጫፍ፣ ከኬንያ ድንበር አጠገብ ካለው ቆላ ነው። እዚያም ቢሆን የቀሩት ጥቂት ናቸው አለችኝ። ድርቁ እናቶቻቸውን የገደለባቸውን፣ ወጥመድ ያቆሰላቸውን በጭነት መኪና እያመጡ ያክማሉ፤ ሲጠነክሩ ወደ መጡበት ይመልሷቸዋል። ለምን ይህን ሁሉ መንገድ ያመጧቸዋል ብዬ ብጠይቃት፣ እዚያ ውሃም ሐኪምም ስለሌለ ነው አለች። የአካባቢው ሰው ቦታውን የገሪ ግቢ ይለዋል፤ ቀጭኔ በሶማልኛ ገሪ ነው።

ሥራ ከጀመረች ከዓመት በላይ ቢሆናትም ሄጄ ቦታውን አላየሁትም ነበር። ከከተማ መውጣት አልወድም። አያቴ በወታደርነት መጥቶ እዚህ የቀረ ሰው ነው፤ አባቴም እኔም የተወለድነው ጅጅጋ ነው፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ታይፒስት ሆኜ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁትም እዚሁ ነው። በ2010 ዓ.ም. ክረምት፣ ቤትና ቤተ ክርስቲያን በተቃጠለበት ቀን፣ በከተማችን የሆነውን የነበረ ሰው ያውቀዋል። ያን ቀን ሶማሌዋ ጎረቤቴ እኔንና ልጄን ጓዳዋ አስገብታ ራሷ በሩ ላይ ተቀመጠች፤ ተረፍን። ዝርዝሩን እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ ወዲህ የግቢዬን በር በመወርወሪያ ሳልዘጋ አልተኛም፤ ሚኒባስ ስሳፈር ከበሩ አጠገብ ካልሆነ አልቀመጥም፤ ውሻ ብዙ ሲጮኽ ሬዲዮኑን ዘግቼ አዳምጣለሁ። እንዲህ መሆኔን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ልጄ ግን ታውቃለች።

እንድሄድ ያደረገኝ ስልክ ነው። ልጄ ደውላ፣ ወጥመድ እግሯን ያቆሰላት አንዲት ቀጭኔ እየዳነች መሆኑን ነገረችኝ፤ ከዚያ ቀለል አድርጋ፣ ቀጭኔዋ ወደ ደቡብ ስትመለስ አብሬያት እሄዳለሁ አለች። ለስንት ጊዜ ነው ብዬ ጠየቅኋት። «እንግዲህ ሥራው እዚያ ነው የሚሆነው፣ እማዬ» አለች። ለመኖር ማለቷ ነው። እሺም እምቢም ሳልል ስልኩን ዘጋሁት። አባቷ ከሞተ ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። ያ አገር ሩቅ ነው፤ መንገዱ ክፉ ወሬ የሚወራበት ነው፤ ስልክ የሚሠራበትም የማይሠራበትም ቦታ አለው። እንዲህ ያለውን ነገር ፊት ለፊት መናገር ይሻላል አልኩና፣ አትሂጂ ልላት ለመሄድ ተነሣሁ።

በማለዳ ነበር መናኸሪያ የደረስኩት። ሚኒባሱ እስኪሞላ ብዙ ቆየን። ከከተማ ወጣ ስንል ደግሞ ኬላ ላይ ሁላችንንም አወረዱን። አንድ ወታደር መታወቂያዬን አገላብጦ አየና ፊቴን አየ፤ እንደገና መታወቂያውን አየ። 

«እማማ፣ ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«ልጄ ጋ።»

«ልጅዎ ምን ትሠራለች?»

«ቀጭኔ ታክማለች።»

ወታደሩ ቀና ብሎ አየኝ። ከኋላዬ የቆመች፣ ሁለት ጀሪካን የያዘች ሴት ሳቀች። «ቀጭኔን የት ላይ ነው የሚያመው? ጉሮሮውን ከሆነ ልጅሽ መሰላል ይዛ ነው እንዴ የምትሄደው?» አለች። ሌሎቹም ሳቁ፤ ወታደሩም ሳቀና መታወቂያዬን መለሰልኝ። እኔም የሳቅሁ መሰልኩ። ወደ መኪናው ስንመለስ ግን ከበሩ አጠገብ ያለውን ቦታ ሌላ ሰው እንዳይዘው ቀድሜ ገባሁ።

በዚህ ሁሉ ምክንያት የደረስኩት ቀትር ላይ ነው። ልጄ አስፋልቱ ዳር ከጠዋት ጀምራ ስትጠብቀኝ ነበር። ፀሐዩ ፊቷን አጥቁሮታል፤ ከስታለች። የቆሰለችውን ቀጭኔ ቁስል ሁልጊዜ ጠዋት ጠዋት እንደምታጥብላት፣ ዛሬ ግን እኔን ልትቀበል ብላ ወደ ከሰዓት እንዳዞረችው እየነገረችኝ በእግር ወደ ግቢው ሄድን። እኔ ለዚህ ነገር ጆሮ አልሰጠሁትም። አትሂጂ የሚለውን ከምሳ በፊት ልንገራት ወይስ በኋላ እያልኩ ነበር።

በሩን የከፈተልን ዘበኛው ነው። በዕድሜ የእኔ እኩያ የሚሆን፣ ጢሙን በሂና ያቀላ ሶማሌ ነው። ልጄ አዴር ትለዋለች፣ አጎቴ እንደማለት። እኔን ገና ሳያውቀኝ ሆዮ አለኝ፣ እናቴ ማለቱ ነው። በእኛ አካባቢ አማርኛ አንቱታ እምብዛም የለም፤ እሱም አንቺ ሲለኝ አልከፋኝም።

«ሆዮ፣ እንኳን መጣሽ! ልጅሽ እናቴ ፈሪ ናት፣ አትመጣም ብላን ነበር። እንዴት መጣሽ?»

«አዴር!» አለች ልጄ።

«ምን አልኩ? አንቺ ያልሽውን ነው ያልኩት። ለእንግዳ ውሸት አይወራም።»

ልጄ አንገቷን ደፋች። እኔ አልተቆጣሁም። የተባለው እውነት ነው።

ቀጭኔ በመጽሐፍና በቴሌቪዥን አይቻለሁ፤ የዋህ፣ ለሕፃናት የሚሣል ነገር አድርጌ ነበር የምቆጥረው። ግቢው በቋሚ ግንድ የታጠረ ነው፤ እንስሳቱ መንገዱን አይተው እንዳይደነግጡ ግንዱ ላይ ከውጭ ቆርቆሮ ተመትቶበታል። አጥሩ ከእኔ ቁመት እጥፍ ይሆናል። አጥሩን ተጠግቼ ስሄድ፣ ምንም ሳይሰማኝ፣ ከላዬ ጥላ መጣ። ቀና ስል አንድ ራስ ከቆርቆሮው በላይ ቆሞ ቁልቁል ያየኛል። ዓይኑ ጥቁርና ትልቅ ነው፤ አይርገበገብም። ያስፈራኝ ትልቅነቱ ብቻ አልነበረም። ይህን የሚያህል ፍጥረት እስከዚህ ሲመጣ ኮቴውን አልሰማሁም፤ ላምም ግመልም ሲመጡ ይሰማሉ።

«ድምፅ የላቸውም?» አልኳት ልጄን።

«አላቸው ይባላል፤ እኔ ግን ብዙም አልሰማሁም» አለች። ከዚያ ፊቷ እየበራ፣ ቀጭኔ በእርግጫ አንበሳ እንደምትገድል፣ ወደፊትም ወደኋላም ወደጎንም መርገጥ እንደምትችል ነገረችኝ። ይህን የምትነግረኝ ልታስደስተኝ ነው። እኔ ከአጥሩ ራቅ አልኩ።

ያን ጊዜ የነበሩት ቀጭኔዎች ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ በሰፊው ግቢ ውስጥ ናቸው። የቆሰለችው፣ ገና ያልደረሰች ሴት ቀጭኔ፣ ከእነሱ ተለይታ ጠባብ በረት ውስጥ ነበረች። ጠባቡን በረት ከሰፊው ግቢ የሚለየው በገመድ ወደ ላይ የሚሳብ የሳንቃ በር ነው። ልጄ የምትገባው ግን በሌላው በኩል ባለችው ትንሽ የሰው በር ነው። ከበሯ ተሻግሮ፣ ጥጉ ላይ፣ ሦስት ወፋፍራም ግንዶች ጠጋ ጠጋ ብለው ተተክለዋል፤ ከኋላቸው አንድ ሰው ብቻ የሚያስቆም ቦታ አለ። ለምንድነው ብላት፣ «አንዳንዴ ለመጠለያ ነው» አለች። አንዳንዴ ያለችው ቃል ከልቤ አልወጣም።

«ሌላ አገር እንስሳውን ከሁለት ጎን የሚይዝ ብረት አላቸው» አለች። «እኛ ገና ነን። ግን ለምዳኛለች። ግራር አስርላታለሁ፣ ቅጠሏን ስትበላ እኔ እግሯን አጥባለሁ። ከእኔ ሌላ ማንንም አታስጠጋም።»

ሩዝና ሥጋ በላን። እኔ የመጣሁበትን ሳልናገር ቀረሁ። ሌሎቹ ሠራተኞች በመኪና ቅጠል ሊያመጡ ሄደው ስለነበር ግቢው ውስጥ ያለነው ሦስት ብቻ ነበርን። ከምሳ በኋላ ዘበኛው ምንጣፉን ከበረቱ ጥግ፣ ቆርቆሮው ጥላ በሚጥልበት ቦታ ዘረጋና ጫቱን ፈታ። ዘወትር የሚቀመጠው እዚያው ነው። ለእኔም ወንበር አመጣልኝ። ልጄ ባልዲና መድኃኒት ይዛ በትንሿ በር ገባች፤ እኔ ቆርቆሮው ላይ ምስማር የበሳውን ቀዳዳ አገኘሁና ዓይኔን አስጠጋሁ።

ቀጭኔዋ ቅጠሉን አልነካችም። በረቱን ትዞራለች። ጆሮዎቿ ወዲያና ወዲህ ይላሉ፤ ምላሷን ታወጣና ግንዱን ትልሳለች፤ ደግሞ ትታው ትዞራለች። ልጄ ባልዲውን አስቀምጣ ቆመች። «ምነው ዛሬ፣ እናቴ? ምን ሆንሽብኝ?» ትላለች በቀስታ። የምታናግረው ቀጭኔዋን ነው። ወደ እግሯ ጎንበስ አለች። ወዲያው የሆነውን በደንብ አላየሁም። ባልዲው ሲጮህ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ባልዲው እንደ ወረቀት ተጨፍልቆ ግድግዳው ሥር ነበር፤ ልጄ ከቦታዋ የለችም። ከዚያ የግንድ ድምፅ መጣ፤ አጥሩ በሙሉ ተንቀጠቀጠ፤ ዓይኔን ያስጠጋሁበት ቆርቆሮ ግንባሬን መታኝ።

አፌን ከፈትኩ።

«እማዬ፣ አትጩኺ» አለች ልጄ ከውስጥ። በሹክሹክታ አይደለም፣ በረጋ ድምፅ ነው ያለችው። «ጥጉ ውስጥ ነኝ። ምንም አልሆንኩም። አትጩኺ፣ እባክሽ።»

አፌን ዘጋሁት። ሌላ ቀዳዳ ፈልጌ አየሁ። ከሦስቱ ግንዶች ኋላ፣ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ቆማለች። ቀጭኔዋ በእሷና በትንሿ በር መካከል ናት። ወዲህ ትመጣለች፣ ትመለሳለች፣ ትመጣለች። ስትመጣ ደረቷ ሦስቱን ግንድ ይሸፍነውና ልጄ አትታየኝም።

ዘበኛው ጉንጩ እንደተወጠረ ቆሟል።

«አዴር» አለች ልጄ፣ «ዛሬ ምን በልታለች?»

«ቅጠሏን ነው።»

«ሌላስ?»

 ወደ እኔ አየ፣ ወደ ምንጣፉ አየ። «ገረባ» አለ።

ጫት የሚቅም ሰው ለስላሳውን ቀንጥቦ የሚተወው ጠንካራ ቅጠልና እንጨት ገረባ ይባላል። በእኛ አገር አይጣልም፤ ለፍየል ነው። የጎረቤቴ ፍየሎች ያደጉት በዚሁ ነው፤ እኔ ራሴ ከሰው ቤት እየሰበሰብኩ አምጥቼላት አውቃለሁ። ለእንስሳ ገረባ መስጠት ደግነት ነው፤ ሰጪው ሲሰጥ እንደ ጥፋት አያስበውም። ዘበኛውም ከሰዓት ከሰዓት ሲቅም ቀጭኔዋ በቆርቆሮው ላይ አንገቷን ታወጣለታለች፤ እሱም ገረባውን ያቀብላታል። ልጄ ሥራዋ ጠዋት ስለሆነ፣ ከሰዓት ደግሞ ቢሮዋ ውስጥ ስለምትሆን አይታ አታውቅም። እሱም የሚነገር ነገር ነው ብሎ አላሰበም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከረመዳን ወዲህ። ወደደችዋ!»

«እና ምንም ሆና አታውቅም?»

«ትንሽ ትንሽ ነበር የምትዞረው። ዛሬ ግን...» ድምፁ ወረደ። «ዛሬ እናትሽ መጣች፣ እንግዳ ነው ብዬ ደህና ጫት ነው የገዛሁት። ቀጭኔዋም ድርሻ ይኑራት ብዬ ከቅጠሉም ሰጠኋት። አንድ እስር ሙሉ።»

ልጄ ከውስጥ አንድ ድምፅ አሰማች። ሳቅ ይሁን ሌላ አላወቅሁም። ቀጭኔዋ በድምፁ ዞር ስትል ልጄ አፏን በእጇ አፈነች።

«ምርቃና ነው» አለ ዘበኛው። «ይወርድላታል።»

«መቼ?» አልኩ እኔ። ያን ከሰዓት ከአፌ የወጣ የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር።

«እኔን እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ነው የሚቆየኝ። እሷን እንጃ፣ ሆዮ። አንገቷ ረጅም ነው።»

ሊያስቀኝ አልነበረም። ከልቡ እያሰላ ነበር። ወዲያውም በጉንጩ የያዘውን ሁሉ ተፋው። «የኔስ አሁን ወርዷል» አለ።

ከኋላ በኩል ቆርቆሮውን ነቅለን በግንዶቹ መካከል እናውጣት ብሎ መፍቻ አመጣ። የመጀመሪያው ምስማር ሲነቀል እንደ በግ ጮኸ። ቀጭኔዋ ተሽከረከረች። እርግጫው ሦስቱን ግንድ መታ፤ አንደኛው ግንድ ከሥሩ ሲሰነጠቅ ሰማሁ። «ተዉት!» አለች ልጄ፤ ድምፅዋ ያን ጊዜ ተሰበረ። ዘበኛው መፍቻውን መሬት ላይ ሲያስቀምጥ እንኳ እንዳይሰማ ብሎ በሁለት እጁ ነበር ያስቀመጠው። የሚያስተኛ መርፌ የለም ወይ ብዬ በቀዳዳው ጠየቅኋት። አለ፤ ግን ቀጭኔዋ ብትወድቅ የምትወድቀው እኔ ላይ ነው አለች። ዘበኛው ለሌሎቹ ሠራተኞች ደወለ፤ እንዲመጡ፣ መኪናውን ግን አስፋልቱ ላይ እንዲያቆሙ ነገራቸው።

ከዚህ በኋላ የቀረው መጠበቅ ነው። ልጄ፣ የሳንቃውን በር በቀስታ ከፍ አድርጋችሁ ያዙት አለች፤ ቀጭኔዋ ስትረጋጋ ወደ ጓደኞቿ ራሷ ትወጣለች። በሩ ከባድ ነው፤ ገመዱ የሚታሰርበት መንጠቆ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ነው የሚይዘው። እኔና ዘበኛው ከአጥሩ ውጭ፣ ገመዱ በሚወጣበት የግንድ ክፍተት ላይ ቆመን ያዝነው። እጅ በእጅ እየለወጥን፣ ሳንቃው እንዳይንቋቋ እያልን ሳብነው። ገመዱ የላስቲክ ነው፤ እጄን ላጠው። ንፋስ ተነሣ፤ በእኛ አገር ከሰዓት ሁልጊዜ ንፋስ አለ፤ ቆርቆሮው በተንኳኳ ቁጥር ዘበኛውም እኔም ትንፋሻችንን እንይዛለን። እሱ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ይጸልያል። እኔ አልጸለይኩም። አፌን ከከፈትኩ ጩኸቱ የሚያመልጠኝ መሰለኝ።

ከቆምኩበት በተከፈተው በር ሥር የሚታየኝ የቀጭኔዋ እግር ብቻ ነው። ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል። ወደ ጥጉ በሄደ ቁጥር የግንዱን ድምፅ እጠብቃለሁ። በመሃል ልጄ ማውራት ጀመረች። መጀመሪያ ከእኔ ጋር የምታወራ መስሎኝ ነበር፤ ለቀጭኔዋ ነው። ስለሚሄዱበት አገር፣ እዚያ ስላለው ወንዝና ስለ ግራሩ ትነግራታለች። «እንሄዳለን» ትላታለች፣ «ትንሽ ነው የቀረሽ፣ እንሄዳለን።» ድምፅዋ እንደ በፊቱ ረግቶ ነበር፤ ቃሉ ግን እየተቆራረጠ ነበር የሚወጣው፣ ጥርሷ ስለሚንቀጠቀጥ። ይህን እናት ካልሆነ ማንም አይለይም። አትሂጂ ልላት የመጣሁትን ነገር አሰብኩት። ገመድ ይዤ፣ ያ እንስሳ ከፊቷ ቆሞ፣ አብራው የምትሄድ መሆኗን ስትነግረው እሰማለሁ።

የአጥሩ ጥላ ረዝሞ ወደ ግቢው የሚያስገባው መንገድ ጋ ደረሰ። እግሮቹ እየዘገዩ መጡ። አንድ ጊዜ ብዙ ቆሙ። አንገቷ በበሩ ሥር ወረደ፤ አፍንጫዋ ከእኔ ክንድ በማይርቅ ቦታ ሆኖ አየሩን አሸተተች፤ ትንፋሿ ሞቃት ነበር፣ የጫት ሽታ አለው። ዘበኛው ዓይኑን ጨፈነ። ከወዲያ ከሰፊው ግቢ አንደኛዋ ቀጭኔ ቀርባ ቆማ ነበር። ጉልበቷ፣ ሆዷ፣ ያ በፋሻ የታሰረ የኋላ እግሯ፣ ሁሉም ተራ በተራ በሩን አለፈ። ማለፏን ባይም ገመዱን መልቀቅ አልቻልኩም። «ሆዮ፣ አውርጂ፣ ቀስ ብለሽ» አለኝ ዘበኛው፤ እጄን ከገመዱ ላይ እሱ ነው የፈታልኝ።

ልጄ አልወጣችም። በትንሿ በር ገባሁ። እንስሳው ከዚያ ወጥቷል፤ ግን ሽታው አለ፣ አፈሩ ተቆፋፍሯል። በተሰነጠቀው ግንድ በኩል እጄን አስገባሁ። «እግሬ ደንዝዟል» አለች፤ ክንዴን ይዛ ወጣች። ክንዴን የያዘችበት ቦታ ለብዙ ቀን ጠቁሮ ነበር።  ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ፣ ኮፊያውን በእጁ ይዞ፣ ያለቅስ ነበር።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ። ፍየል...ፍየል ይበላዋል ብዬ።»

ልጄ አጠገቡ ስትደርስ ቆመች። «አዴር፣ ከዛሬ በኋላ ለብቻህ ነው የምትቅመው» አለችው። ከዚያ ትከሻውን ነካ አድርጋ አለፈች። ወዴት እንደምትሄድ ግራ ገባኝ። ወደ ሰፊው ግቢ አጥር ነበር፤ በቀዳዳ የቀጭኔዋን እግር ልታይ።

ሠራተኞቹ መጥተው ወሬውን ሲሰሙ አንዳንዱ ተቆጣ፣ አንዳንዱ ሳቀ። እኛ ሁለታችን ቢሮዋ በር ላይ ተቀመጥን፤ ሻይ በወተት አመጡልን። የእሷን ሳትቀምስ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«የመጣሽበትን ነገር አልነገርሽኝም» አለች።

«አትሂጂ» አልኳት።

ብዙ ቃል አዘጋጅቼ ነበር፤ የወጣው ይኸው ብቻ ሆነ።

«ዛሬ ፈርቼ ነበር» አለች።

«አውቃለሁ።»

«እንደዚህ ፈርቼ አላውቅም። ነገ ስገባም እፈራለሁ።» ብርጭቆውን ከእግሯ ራቅ አደረገችው። «ግን እኔ ካልሄድኩ መንገድ ላይ የሚያስጠጋት ሰው የላትም። ቁስሉ ይመለስባታል። ትሞታለች፣ እማዬ።»

«አንቺ ብትሞችስ?»

አልሞትም አላለችኝም። የምትዋሸኝ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። እኔም ሂጂ አላልኳት፤ አትሂጂንም አልደገምኩትም። ሻዩ ሲበርድ አንስታ ጠጣችው።

ክረምቱ ሲወጣ ቀጭኔዋን የሚወስደው መኪና መጣ። ወደ ግቢው አልተመለስኩም፤ ቀብሪበያ ሄጄ አስፋልቱ ዳር ቆሜ ጠበቅሁ። በዚያ ቀን በኬላው እንዴት እንዳለፍኩ አላስታውስም። የግመል ነጋዴው፣ ሻይ ሻጯ፣ የሚኒባስ ረዳቱ፣ ከተማው በሙሉ ወጥቶ ነበር። መኪናው በቀስታ መጣ። ከጭነቱ ላይ የቀጭኔዋ አንገት ይታያል፤ እንዳትደነግጥ ዓይኗን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነውታል። መንገዱን ወዲያና ወዲህ የሚያቋርጡ የመብራት ሽቦዎች አሉ። አንድ ሰው ከፊት እየሄደ፣ ጫፉ ባላ በሆነ ረጅም እንጨት እያንዳንዱን ሽቦ ከፍ ያደርጋል፤ አንገቷ በሥሩ ያልፋል፤ ሰውየው ሮጦ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ሰው በሳቀና ባጨበጨበ ቁጥር እንጨቱ ይወዛወዛል።

ልጄ ከጭነቱ ላይ፣ ቀጭኔዋ በቆመችበት ሣጥን ጎን፣ አንድ እጇን በሳንቃው ክፍተት አስገብታ፣ በሌላው የሣጥኑን ጠርዝ ይዛ ቆማ ነበር። አየችኝ። እጇን አላወዛወዘችም፤ ሁለቱም ተይዘዋል። በጭንቅላቷ ሰላም አለችኝና ወዲያው ወደ ሽቦው ቀና አለች። እኔም ወደ ሽቦው ቀና አልኩ። አንዱን አለፉ። ሁለተኛው እንጨቱ ላይ አልያዝ ብሎ ተንሸራተተ፤ ልጄ አንድ ነገር ጮኸች፤ መኪናው ቆመ፤ ሰውየው እንደገና አነሣው፤ አለፉ። እስከ ከተማው መጨረሻ ድረስ ከመኪናው ጎን በእግሬ ሄድኩ፣ ሽቦ ሽቦውን እያየሁ። እዚያ ላይ ሰውየው እንጨቱን ወደ ጭነቱ አቀበለ፣ መኪናው ፍጥነት ጨመረ። ከዚያ ወዲያ ያሉትን ሽቦዎች አላየኋቸውም።